ያስለቀሰውና ያስቈጣው «ልብ»

ስለ ሕፃናት መጽሐፍ በዚህ መጽሔት መጻፍ ለአንዳንድ ጓደኞቼ ቀልድ ይመስላቸው ይሆናል። ይሁን እንጂ ኢጣልያዊው ደራሲ ኤድሞንዶ ዴ አሚቺስ የጻፈው «ኩዎሬ»፥ ማለት «ልብ»፥ ከመቶ ዓመት በላይ አንባቢዎችን ሲያከራክር የኖረ ነው። አንዱ አልቅሶ ይዘጋዋል፤ ሌላው ተቈጥቶ ይወረውረዋል። ሁለቱንም «የትኛው ገጽ ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው ግን ብዙ ጊዜ የሚያሳዩን ያንኑ ገጽ ነው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፉ የወጣው በ1886 በትምህርት ቤት መክፈቻ ሰሞን ነው። ኤንሪኮ የተባለ የቶሪኖ ከተማ ተማሪ የአንድ ዓመት ትምህርቱን ነገር የጻፈበት ማስታወሻ መስሎ የተዘጋጀ ሲሆን፥ በየመካከሉ የአባትና የእናት ምክር ይገባበታል፤ በየወሩም መምህሩ ፔርቦኒ ስለ አንድ ልጅ ጀግንነት የሚናገር ታሪክ ለክፍሉ ይሰጣል። የኢጣልያ መንግሥት የተመሠረተው በ1861 ነበርና የሰሜኑና የደቡቡ ሰው ገና በቋንቋ እንኳ በደንብ አይግባባም ነበር። ከ6 እስከ 9 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ እንዲማር የሚያስገድደው ሕግ የወጣውም በ1877 ነው። ዴ አሚቺስ ራሱ መኮንን ሆኖ በ1866 በኩስቶዛ ጦርነት የተሰለፈ ሰው ነበረ። ስለዚህ የግንበኛውን፥ የእንጨት ሻጩን፥ የአንጥረኛውንና የባለጸጋውን ልጅ በአንድ ክፍል አስቀምጦ፥ ከካላብሪያ የመጣውንም ልጅ በእቅፍ አስቀብሎ፥ በእንባ አንድ ሕዝብ ሊያደርጋቸው አሰበ።

ከወርኀዊዎቹ ታሪኮች እኔ ከሁሉ የማስበልጠው የፍሎሬንሱን ትንሽ ጸሐፊ ነው። አባትዬው የምድር ባቡር ጸሐፊ ነው፤ ደመወዙ ስለማይበቃው ማታ ማታ በመጠቅለያ ወረቀት ላይ የደንበኞችን ስምና አድራሻ እየጻፈ ለየ500ው 3 ሊሬ ይቀበላል። የ12 ዓመቱ ልጅ ጁልዮ አባቱ ከተኛ በኋላ ተነሥቶ፥ የአባቱን እጅ ጽሑፍ አስመስሎ በድብቅ ያግዘዋል። እንቅልፍ ስለሚያጣ ትምህርቱ ይደክማል፤ አባቱም ሰነፍክ ብሎ ይገሥጸዋል፥ በመጨረሻም ፊቱን ያዞርበታል። ልጁ አንዲት ቃል ቢናገር ሁሉም ይቀና ነበር፤ አይናገርም። አንድ ሌሊት አባቱ በስተኋላው ቆሞ እስኪያገኘው ድረስ ለወራት ይህን ሸክም ብቻውን ይሸከማል። ይህን የሚያነብ ሰው ማልቀሱ አያሳፍርም፤ እንባውን የሚያመጣው የቤቱ ችግር እንጂ የደራሲው ጩኸት አይደለም።

አንባቢን የሚያስቈጣው ሌላ ስፍራ ነው፤ እርሱም ፍራንቲ የተባለው ተማሪ ነው። ፍራንቲ ደካማውን ይመታል፥ በሰው ሐዘን ይስቃል፥ በመጨረሻም ከትምህርት ቤቱ ይባረራል። ከመባረሩ በፊት ግን እናቱ እያለከለከች መጥታ፥ ልጄን መልሱልኝ ብላ በክፍሉ ፊት ታለቅሳለች። ስትወጣ ዲሬክተሩ እናትህን እየገደልሃት ነው ይለዋል፤ ሁሉም ዞሮ ሲያየው ፍራንቲ ፈገግ ይላል። ደራሲው በዚያ ፈገግታ ላይ ፈርዶበት ያልፋል። ይህ ልጅ ምን እንደ ደረሰበት፥ በቤቱ ምን እንዳለ የሚጠይቅ አንድም መምህር አናይም። ስሙ «ልብ» የተባለ መጽሐፍ ለአንድ ተማሪ ብቻ ልብ ማጣቱ ይገርማል።

ኡምቤርቶ ኤኮ የያዘውም ይህንኑ ነው። በ1963 በመጽሐፍ ባሳተመው ጽሑፉ ፍራንቲን አመሰገነ፤ ሁሉ በሚያለቅስበት ክፍል ውስጥ የሚስቀው እርሱ ብቻ ነውና ሥርዓቱን የሚጠራጠር እርሱ ነው አለ። እንዲያውም በ1900 ንጉሥ ኡምቤርቶን የገደለው ጋኤታኖ ብሬሺ ያደገው ፍራንቲ ነው ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ፍራንቲ ደካሞችን ይመታ እንደ ነበር መርሳት አይገባም። ከኤኮ በፊትም ተቃዋሚ አልጠፋም። ሐኪሙ ፓኦሎ ማንቴጋዛ በ1887 «ቴስታ»፥ ማለት «ራስ»፥ የሚል መጽሐፍ አውጥቶ ልብ ብቻውን እንደማይበቃ ሊያሳይ ሞከረ። ሃይማኖተኞች ደግሞ በዚያ ሁሉ የትምህርት ዓመት ውስጥ የገና በዓል አለመጠቀሱን ነቀፉ።

ከኢጣልያ ውጭ ያነበቡት ግን ስለ ኢጣልያ መንግሥት የሚያሳስባቸው አልነበረም። በቻይና መምህሩ ሢያ ሚየንዙን በጃፓንኛ አንብቦት አለቀሰና በ1920ዎቹ «የፍቅር ትምህርት» ብሎ ተረጐመው። በጃፓንም እናቱን ፍለጋ ከጄኖቫ እስከ አርጀንቲና የሄደው የማርኮ ታሪክ በ1976 በኢሳኦ ታካሃታ አዘጋጅነት የቴሌቪዥን የሥዕል ፊልም ሆነ። ማርኮን ለመውደድ ኢጣልያዊ መሆን አያስፈልግም።

የሰርዲኛው ከበሮ መቺ ግን እንዲህ አይደለም። በ1848 በኩስቶዛ 60 ያህል ወታደሮች በአንድ ቤት ተከብበዋል፤ ካፒቴኑ የ14 ዓመት ልጅ በመስኮት አውርዶ እርዳታ እንዲጠራ ይልከዋል። ልጁ ሲያዘግም ከሩቅ አይቶ ይራገማል፤ እግሩ በጥይት መመታቱን አላወቀም። በኋላ እግሩ ተቈርጦ ሲያገኘው ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱን ይስመዋል። አንባቢው ያለቅሳል፥ ማን ልጁን እንደ ላከውም ይረሳል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ገጽ ስናነብ ሌላ ነገር ትዝ ይለናል። መጽሐፉ ሲታተም የኢጣልያ ጦር ምጽዋን ከያዘ ዓመት ከመንፈቅ አልፎት ነበር፤ ከታተመ ጥቂት ወራት በኋላም፥ በጃንዋሪ 1887፥ የራስ አሉላ ሠራዊት ዶጋሊ ላይ 500 ያህል የኢጣልያ ወታደሮችን ገጥሞ ደመሰሰ። ልጁ ከበሮ መቺ የተዋጋው በአገሩ ምድር ከኦስትሪያ ገዥዎች ጋር ነበር። በ1886 «ልብ»ን በ10 ዓመቱ ያነበበ የቶሪኖ ተማሪ ግን በማርች 1896፥ የአድዋ ጦርነት ሲሆን፥ 20 ዓመቱ ነበር፤ ያን ጊዜ የሰው አገር የገባው የእርሱ ሠራዊት ነው፥ ቤቱን የሚጠብቀውም ሌላ ልጅ ነው።