ከባሕር ዳር ጎንደር በአየር

ካርታ ላይ ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት ተነስቶ አዘዞ አጠገብ እስካለው አፄ ቴዎድሮስ ኤርፖርት ቀጥታ መስመር ቢሰመር 102 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስመሩ ጣናን ከደቡብ ወደ ሰሜን ሰንጥቆት ያልፋል። መኪና ግን ሐይቁን በምሥራቅ ዞሮ፣ በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል 180 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት።

እዚህ ድረስ አውሮፕላኑ አሸናፊ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ መስመሮች የሚያበረው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 ሙሉ ፍጥነቱን ሲይዝ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። 102ን ለ650 ያካፈለ ሰው 9 ደቂቃ ተኩል ያገኛል። በዚህ ሒሳብ ተማምኖ ወዳጁን «ጎንደር ኤርፖርት ጠብቀኝ» ያለ ግን ወዳጁን ጥሩ አድርጎ ያስቆመዋል።

ምክንያቱ ከፍታ ነው። አብራሪዎች ለመውረድ የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፤ ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ 3 የባሕር ማይል ይይዛሉ። አንዱ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። አውሮፕላኑ 16,000 ጫማ ድረስ ወጣ እንበል። የጎንደር ኤርፖርት ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 6,500 ጫማ ገደማ ላይ ስለሆነ መውረድ ያለበት 9,500 ጫማ ነው። ለዚህ 28 ማይል ተኩል ያስፈልገዋል። የመንገዱ ጠቅላላ ርዝመት ደግሞ 55 ማይል ብቻ! ግማሹን ሲወጣ፣ ግማሹን ሲወርድ ያልቃል ማለት ነው። ያ 650 የተባለው ፍጥነት ሜዳ አያገኝም፤ ኪው 400 ቀርቶ ጄት ቢመጣም ብዙ አያተርፍም።

በዚህ ላይ ነፋሱ አለ። አውሮፕላን የሚነሳውም የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ስለሆነ፣ አንዳንዴ ጀርባውን ለመድረሻው ሰጥቶ ተነስቶ አየር ላይ ይዞራል፤ ሲያርፍም እንዲሁ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ደግሞ ጎማው መሬት የለቀቀበትንና የነካበትን አይደለም የሚለካው። አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለውን ሁሉ ይቆጥራል፤ መንደርደሪያው ጫፍ ድረስ የሚያዘግመውም፣ ተራ የሚጠብቀውም እዚያ ውስጥ ነው።

ይህ ተጨማሪ ጊዜ መንገዱ ቢያጥርም ቢረዝምም ያው ነው። ስለዚህ ርቀትና ሰዓት አብረው አያድጉም። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በቀጥታ መስመር 333 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከባሕር ዳር ጎንደር ካለው ከሦስት እጥፍ በላይ። በፕሮግራም የሚያዝለት ጊዜ ግን ሦስት እጥፍ አይደለም፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ መስመር ላይ አውሮፕላን በእርግጥ ዋጋ አለው፤ በመኪና የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣትን ያስቀራል።

የባሕር ዳርና የጎንደሩ ጉዳይ የሚከፋው ሁለቱን የሚያገናኝ ቀጥታ በረራ በሌለበት ቀን ነው። መንገደኛው 333 ኪሎ ሜትር ወደ ቦሌ ይመለስና ከዚያ 419 ያህል ወደ ጎንደር ይበራል። ከ750 በላይ ነው፤ በመሀል ቦሌ ላይ የሚጠብቀው ሳይቆጠር። በዚያ ቀን ወረታ ወርዶ ምሳውን የበላ የሚኒባስ ተሳፋሪ ቀድሞት ይገባል።