ከእህሉ ጋር ክትባቱም ይድረስ
ኩፍኝና የሳንባ ምች በድርቅና በሠፈራ ወቅት

ዝናብ ጠፍቶ ሰብል ሲደርቅና ከብት ሲያልቅ የሁሉም ሰው ሐሳብ አስቀድሞ የሚያርፈው በእህል ላይ ነው። ስንት ኩንታል ተገኘ? ስንቱ ወደብ ደረሰ? ስንቱስ በጭነት መኪና ተጓጓዘ? የሚሉት ጥያቄዎች ተገቢ መሆናቸው አያከራክርም። ይሁን እንጂ በድርቅ ዘመን የሕፃናት አሟሟት በጥንቃቄ ሲመረመር አንድ ሐቅ ጎልቶ ይታያል። ብዙዎቹን ለሞት ያበቃቸው ረሃቡ ብቻውን ሳይሆን፣ በረሃብ በተዳከመ ሰውነታቸው ላይ የተነሡት ተላላፊ በሽታዎች ናቸው። ከእነዚህም መካከል ተቅማጥ፣ ኩፍኝና ኩፍኝን ተከትሎ የሚመጣው የሳንባ ምች ግንባር ቀደም ስፍራ ይይዛሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ሕፃናት የመተንፈሻ አካል በሽታዎች የተደረጉ ጥናቶች ያስገኙትን ትምህርትና የክትባትን ጥቅም በመጠለያ ጣቢያና በሠፈራ መንደር ለተሰማሩ የሥራ ኃላፊዎችና የዕርዳታ ሠራተኞች ማስረዳት ነው።

የሳንባ ምች እንዴት ይገድላል?

ሳንባ እጅግ ጥቃቅን በሆኑ የአየር ከረጢቶች የተሞላ ነው። በተሐዋስያን ሲጠቃ ከረጢቶቹ በፈሳሽና በመግል ስለሚሞሉ ኦክሲጅን ወደ ደም ማለፍ ይሳነዋል። ሕፃኑ ይህን ጉድለት ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። እንግዲህ በሽታውን ለመለየት የሚያገለግለው ዋና ምልክት ይኸው ነው፤ የሚፈልገውም መሣሪያ ሰዓት ብቻ ነው። ዕድሜው ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 11 ወር የሆነው 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት የሆነው ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ አተነፋፈሱ ፈጣን ነው ይባላል። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ ወይም የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ጊዜ ሳይሰጠው ወደ ጤና ድርጅት መወሰድ ይኖርበታል። በምግብ እጥረት እጅግ የተጎዳ ሕፃን ግን ትኩሳትም ሆነ ጎላ ያለ ሳል ላያሳይ ስለሚችል፣ ዝም ብሎ መተኛቱ እንደ ጤና መቆጠር የለበትም።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. መካከል ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ከ740 ሺህ በላይ የዓለም ሕፃናት በሳንባ ምች ሞተዋል። ይህም በዚህ ዕድሜ ከደረሰው ሞት ውስጥ መቶ እጅ 14ቱ መሆኑ ነው።

በአዲስ አበባ የተደረገ አንድ ጥናት

በ1989 ዓ.ም. የታተመና በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተካሄደ ጥናት ለዚህ ርዕስ ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው። ዶክተር ሉሉ ሙሔና የሥራ ባልደረቦቻቸው የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ይህ በሽታ ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። ከታመሙት መካከል 210ሩ፣ ካልታመሙት ግን 20ዎቹ ብቻ ሪኬትስ በሚባለው የአጥንት መለስለስ በሽታ የተጠቁ ሆነው ተገኙ። ሌሎች ምክንያቶች ከተመዘኑ በኋላም ቢሆን በሁለቱ ወገኖች መካከል የታየው ልዩነት ከ13 እጥፍ በላይ ነበር።

የነገሩ ምክንያት ግልጽ ነው። አጥንትን የሚያጠነክረው ቫይታሚን ዲ በአብዛኛው የሚገኘው ቆዳ በፀሐይ ሲመታ ነው። በአገራችን ብዙ እናቶች ጨቅላ ልጃቸውን ምች ይመታዋል፣ የሰው ዓይን ያገኘዋል በሚል ሥጋት ከቤት አያወጡትም፤ ሲያወጡትም ተሸፋፍኖ ነው። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን ደረቱ በሚገባ ስለማይሰፋ ሳሉን ማስወጣት፣ ሳንባውንም ማጽዳት ያዳግተዋል። ፀሐይ በሞላበት አገር ፀሐይ የተነፈገ ልጅ በሳንባ ምች መሞቱ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ መድኃኒቱ ወጪ የማይጠይቅ መሆኑ ደግሞ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ልጁን የጠዋት ፀሐይ ማሞቅ በመጠለያ ጣቢያም ሆነ በሠፈራ መንደር በቀላሉ ሊሰጥ የሚችል ትምህርት ነው።

ክትባት ያስገኘው ውጤት

በአገራችን የክትባት መርሐ ግብር በተስፋፋ መልክ የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ከመተንፈሻ አካል በሽታዎች ውስጥ ሳንባ ነቀርሳን፣ ትክትክን፣ ዘጊ አናዳንና ኩፍኝን ለመከላከል ታስቦ ነበር። በ1999 ዓ.ም. አምስት በሽታዎችን በአንድነት የሚከላከለው ፔንታቫለንት የተባለው ክትባት ገባ። ከአምስቱ አንዱ የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያስከትለው ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ቢ ነው። በጥቅምት ወር 2004 ዓ.ም. ደግሞ የሳንባ ምች ዋና ምክንያት የሆነውን ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የሚከላከለው ክትባት መሰጠት ጀመረ። በ2011 ዓ.ም. ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር ዕድሜ እንዲሰጥ ተደረገ።

የኒሞኮከስ ክትባት ጥቅም በአፍሪቃ ምድር ተፈትኗል። በጋምቢያ ከ17 ሺህ በላይ በሆኑ ሕፃናት ላይ ተካሂዶ በ1997 ዓ.ም. በታተመው ጥናት፣ የተከተቡት ሕፃናት በራጅ የተረጋገጠ የሳንባ ምች ከመቶ 37 እጅ፣ በማናቸውም ምክንያት የሚደርሰው ሞት ደግሞ ከመቶ 16 እጅ ቀንሶላቸው ተገኝቷል። በአገራችንም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምችን በየቀበሌው እንዲያክሙ ስለተፈቀደ፣ ክትባት ያመለጠው ልጅ እንኳ ከቤቱ ሳይርቅ መድኃኒት የሚያገኝበት መንገድ ተከፍቷል። ከ1000 ሕያው ልደት 166 የነበረው ከ5 ዓመት በታች የሕፃናት ሞት ከ1992 እስከ 2008 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወደ 67 ዝቅ ብሏል። ለዚህ ውጤት ብዙ ሥራዎች አስተዋጽኦ ያደረጉ ሲሆን፣ ክትባት ከዋናዎቹ አንዱ ነው።

ሜክሲኮ አደባባይና አፋር

ጉዳዩን በምሳሌ ለማየት ያህል፣ በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ በሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የምትኖርን አንዲት እናት እናስብ። ልጇን ለማስከተብ ረጅም ጉዞ አያስፈልጋትም። በሽታው ቢጸናበትም የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚገኘው በዚያው ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። በአፋር በረሃ ከከብቶቿ ጋር ውኃና ግጦሽ ተከትላ የምትዘዋወረው እናት ግን ክትባት ሰጪው ሲመጣ እርሷ ሄዳለች፤ እርሷ ስትመለስ ክትባቱ አልቋል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆነ ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት በአዲስ አበባ ከመቶ 89፣ በመላ አገሪቱ 39፣ በሶማሌ ክልል 22፣ በአፋር 15 ብቻ ነበሩ። ድርቅ ደጋግሞ የሚጎበኛቸው አካባቢዎች ክትባት በብዛት ያልደረሰባቸው መሆናቸውን ከዚህ መገንዘብ ይቻላል። ስለዚህ ወደ መጠለያ ጣቢያ የሚመጣው ሕዝብ አስቀድሞ የተከተበ ነው ብሎ መገመት ከባድ ስሕተት ነው።

የጎዴ ትምህርት

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በ1992 ዓ.ም. በጎዴ የደረሰው ነው። ከታኅሣሥ እስከ ሐምሌ ወር ያለውን ጊዜ የሚመለከተውና በ1993 ዓ.ም. የታተመው ጥናት 4,032 ነዋሪዎች ባሏቸው 595 ቤተሰቦች ውስጥ 293 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። ከእነዚህም 159ኙ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። ከ159ኙ ውስጥ 35ቱ በኩፍኝ ብቻ ወይም በኩፍኝና በክሳት አንድነት የሞቱ ናቸው። ከ5 እስከ 14 ዓመት ከሆናቸው 72 ሟቾች መካከልም 12ቱን የወሰደው ይኸው በሽታ ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ኩፍኝ የጨቅላዎች በሽታ ብቻ አለመሆኑ ነው። ተራርቆ በሚኖር ሕዝብ መካከል ብዙ ልጆች በሽታው ሳያገኛቸውና ሳይከተቡ ያድጋሉ። ሁሉም በአንድ የምግብ ማደያ ጣቢያ ሲሰበሰቡ ግን ትልቁም ትንሹም በአንድ ጊዜ ይያዛል። ሁለተኛው፣ ከሞቱት መካከል ከመቶ 77ቱ ያህል የሞቱት ዋናው የዕርዳታ ሥራ በሚያዝያና በግንቦት ከመጀመሩ በፊት መሆኑ ነው። የዘገየ ዕርዳታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ቀደም ሲል በ1977 ዓ.ም. ከአገራቸው ተሰደው በምሥራቅ ሱዳን በወድ ኮውሊ ጣቢያ የተጠለሉት ወገኖቻችን ልጆችም በብዛት ካለቁባቸው በሽታዎች አንዱ ኩፍኝ እንደነበር ይታወቃል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከተጎዱት ደጋማ አካባቢዎች ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ መዛወሩ ሲታሰብ፣ በእንዲህ ያለ የብዙኃን እንቅስቃሴ ውስጥ ክትባት ከጉዞው መቅደም እንዳለበት መረዳት አያዳግትም።

በሥራ ላይ መዋል የሚገባቸው

አንደኛ፣ የኩፍኝ ክትባት በምዝገባው ቦታ፣ የራሽን ካርድ በሚሰጥበት ዕለት መሰጠት አለበት። በአደጋ ጊዜ የሚከተቡት ከ6 ወር እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ሁሉ ናቸው። ከ9 ወር በፊት የተከተበ ሕፃን 9 ወር ሲሞላው እንደገና መከተብ ይኖርበታል። በሽታው እስኪገባ መጠበቅ አይገባም፤ ከገባ በኋላ መሯሯጥ የሚያተርፈው ጥቂቱን ነውና።

ሁለተኛ፣ ከክትባቱ ጋር ቫይታሚን ኤ ይሰጥ። መጠኑ ከ6 እስከ 11 ወር ለሆነ ሕፃን 100 ሺህ፣ ከዚያ በላይ እስከ 5 ዓመት ላለው 200 ሺህ ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው።

ሦስተኛ፣ ልጁ ከስቷል ወይም ቀላል ሳል ይዞታል ተብሎ ክትባቱ አይዘግይ። የከሳ ልጅ ከማንም በፊት ክትባቱ የሚያስፈልገው ነው።

አራተኛ፣ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት። የኩፍኝ ክትባት ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ ማቆየት ክልክል ነው። በሙቀት የተበላሸ ክትባት መስጠት እናቲቱን በከንቱ ተስፋ ማሳደር ነው።

አምስተኛ፣ መጠለያዎች ሲሠሩ አየር የሚያስገቡ፣ የማብሰያው ጢስም ልጆች ከሚተኙበት የተለየ እንዲሆን ይደረግ። ሳል የያዘውን ልጅ እንጥል ማስቆረጥ ጉዳት እንጂ ጥቅም እንደሌለው ለወላጆች በትሕትና ይነገር።

ስድስተኛ፣ ሠፋሪዎች ሲንቀሳቀሱ የእያንዳንዱ ልጅ የክትባት ካርድ አብሮ ይሂድ። ተቀባዩም ወረዳ የቀረውን ክትባት ከየት እንደሚቀጥል የሚያውቀው በዚህ ነው።

በመጨረሻ ሊታወስ የሚገባው፣ ለአንድ ቤተሰብ የወር ቀለብ ሰጥቶ ልጁን ለኩፍኝ መተው ሥራውን በግማሽ ማቆም መሆኑ ነው። እህሉን የሚጭነው መኪና በጉዞው ላይ የክትባቱን ሣጥን ለመያዝ ቦታ አያጣም። በሜክሲኮ አደባባይ ለሚያድገው ልጅ የተገባው ጥበቃ በጎዴና በአፋር ለሚያድገውም የሚገባ ነውና፣ በየደረጃው ያለ ኃላፊ በዕቅዱ ውስጥ ከኩንታሉ ቁጥር ጎን የሚከተቡትን ልጆች ቁጥር እንዲያሰፍር ያስፈልጋል።