የደከመ ሞተር ተረቶች፦ ማሠራት፣ መቀየር እና የደንገጎ ዳገት

«አቦ፣ ይሄን ሞተር ጣለውና ትልቅ አስገባበት!» ደንገጎ ዳገት ላይ አንዴ የተንፏቀቀ የድሬዳዋ ባለመኪና ይህን ምክር ሳይሰማ አይመሽለትም። መካሪው መካኒክ ብቻ አይደለም፤ ጎሚስታውም፣ ረዳቱም፣ በርጫ ላይ የተቀመጠ መኪና ነድቶ የማያውቅ ጎረቤትም ይመክራል። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ስለደረሰ የተቆረቆረች፣ ከብረትና ከጭስ ጋር ያደገች ናትና ስለ ሞተር ሐሳብ የሌለው ሰው ማግኘት ይቸግራል። ከሚባለው ውስጥ ግን ባለመኪናውን ለኪሳራ የሚዳርገው ብዙ ነው።

«ማሠራት ይሻላል ወይስ መቀየር?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ያለቦታው ይቀድማል። ከእሱ በፊት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ሞተሩን ምን አደከመው? ይህን ሳያውቅ የሚያሠራም የሚቀይርም ሰው በሽታውን ወደ አዲሱ ሞተር ያዛውራል።

ከሁሉ ሥር የሰደደው እምነት «ጉልበት ካጣ ሞተሩ አልቋል» የሚለው ነው። ናፍጣ የሚነድደው በአየር ነው፤ አየሩ ደግሞ በየቦታው እኩል አይደለም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የ35 ዲግሪ ሙቀት ሲጨመርበት፣ አንድ ሊትር የድሬዳዋ አየር በባሕር ዳርቻ በ15 ዲግሪ ከሚገኘው አንድ ሊትር አየር በክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህን ጉድለት በቀጥታ ከጉልበቱ ይከፍላል። ደንገጎን ሲወጣ ደግሞ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። ቱርቦ ያለው ይሻላል፤ ቢሆንም ቱርቦው ጉድለቱን የሚሞላው ፍጥነቱን ጨምሮ፣ የበለጠ እየሞቀ ነው። በዚህ ላይ የአገራችን ጭነት አቅጣጫ አለው፤ ከወደብ የሚገባው ከሚወጣው እጅግ ስለሚበልጥ መኪናው የሚከብደው ከጅቡቲ ወደ ላይ ሲመጣ ነው። ወደ ድንበሩ ደወሌ ቁልቁል በቀላሉ የወረደ ሞተር ሲመለስ የሞተ ቢመስል አይግረምዎ።

ስለዚህ ቴስታታ ከመፈታቱ በፊት መታየት ያለባቸው ርካሽ ነገሮች አሉ፦ የተደፈነ የናፍጣ ፊልትሮ፣ አየር የሚያስገባ የናፍጣ መስመር፣ ያረጀ ኖዝል፣ በቱርቦና በሞተሩ መካከል የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ የተዛባ የቫልቭ ክፍተት፣ የሚያንሸራትት ፍሪሲዮን፣ ሳይለቅ የሚጎትት ፍሬን። የመጨረሻው ብዙዎችን አታሏል፤ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ጎማው ታስሮ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ግን ሞተር ይገዛል። ጭሱም ምልክት ነው። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ሲሆን፣ ሰማያዊው ዘይት እየነደደ መሆኑን ይናገራል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣን ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ ውሃን ያሳያል። የሞተሩን ማለቅ የሚያረጋግጡት ግን የኮምፕሬሽን ልኬት፣ በዘይት መሙያው አፍ የሚተነፍሰው ጭስ ብዛትና በየጉዞው የሚጨመረው ዘይት ናቸው። ኮምፕሬሽን መለካት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሳይለካ የተጣለ ሞተር ሳይ ያናድደኛል።

ቀጥሎ የሚመጣው «የተሠራ ሞተር ዕድሜ የለውም» የሚለው ነው። ይህ እምነት ከባዶ አልመጣም፤ ምክንያቱም በእኛ ጋራዦች ሁለት የማይገናኙ ሥራዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው ሞተሩን ከፍቶ ፋሻ፣ ብሮንዚናና ጓርኒሲዮን ቀይሮ መዝጋት ነው። ይህ ለጥቂት ወራት ጭሱን ያስታግሣል፤ ባለቤቱ «አሠራሁት» ይላል፤ ሲበላሽ ደግሞ «የተሠራ ሞተር እንዲህ ነው» ይላል። ሁለተኛው እውነተኛው ሥራ ነው። ሁሉም ተፈትቶ ይታጠባል። ክራንክ ሻፍቱ በየአንገቱ በማይክሮሜትር ይለካል፤ ሞላላ ሆኖ ከተገኘ ቶርኖ ቤት ሄዶ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ ልኩ የሆነ ብሮንዚና ይገባለታል። ቢየላው መጣመሙ ይታያል። ቴስታታው ተስተካክሎ የቫልቭ መቀመጫዎቹ ይሠራሉ። ፖምፓውና ኖዝሎቹም በመሞከሪያ ማሽን ላይ ይፈተሻሉ። የከባድ መኪና ሞተር ለዚህ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የሲኖትራኩ ደብልዩዲ615ም ሲሊንደሮቹ የሚወልቅና የሚተካ ካሚቻ አላቸው። ፋብሪካው ራሱ «አንድ ቀን ትከፍቱታላችሁ» ብሎ አስቦበታል። በዚህ መንገድ የተሠራ ሞተር በፋብሪካው ጉልበት የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ከዚያ ጉልበት አያልፍም ግን። «ስናሠራው ሲሊንደሩን ስላሰፋነው ጉልበት ጨመረ» የሚሉ አሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 126 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር በግማሽ ሚሊ ቢሰፋ የሞተሩ ይዘት የሚጨምረው ከ1 በመቶ በታች ነው። ሾፌሩ የተሰማው ጭማሪ ሞተሩ ደክሞ ያጣው የራሱ ጉልበት ሲመለስ ነው።

ጉልበት በእርግጥ ለመጨመር ሁለት መንገድ ይወራል፤ ፖምፓውን መክፈትና ትልቅ ሞተር ማስገባት።

የፖምፓው ወሬ ከሲኖትራክ ይነሳል። 336 እና 371 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለቱ ሞተሮች ይዘታቸው አንድ ነው፤ 9,726 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ስፋቱ 126 ርዝመቱ 130 ሚሊ ሜትር። ታዲያ «ልዩነቱ ናፍጣ ብቻ ነው፤ ትንሽ ከፈት ባደርግልህ 371 ይሆንልሃል» ይባላል። እውነት የሚመስለው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ፋብሪካው ግን ናፍጣውን፣ ኖዝሉንና ቱርቦውን እርስ በርስ አጣጥሞ ነው የሚለያያቸው። ናፍጣውን ብቻ መጨመር፣ ያውም አየሩ ሳስቶ በሞቀበት አገር፣ ያልነደደውን ወደ ጥቁር ጭስ፣ የነደደውን ወደ ትርፍ ሙቀት ይለውጠዋል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ፒስተኑ የሚሠራበት ቅይጥ ከዚያም በታች መለስለስ ይጀምራል። ዳገት ላይ ተጭኖ ለረጅም ደቂቃ በሚጎትት ሞተር ውስጥ የጭሱ ሙቀት እዚያ መድረስ አይሳነውም። አናቱ የቀለጠ ፒስተን ሲወጣ «የቻይና ዕቃ» ተብሎ ይሰደባል።

አሁን ወደ ትልቁ ሞተር። ሰው ሲሰማ የማያምነው ሒሳብ እዚህ ላይ ስላለ ረጋ ብለን እንየው። 400 ኩንታል የጫነ ባለ ተሳቢ መኪና ከራሱ ክብደት ጋር 56 ቶን መዘነ እንበል፤ ዳገቱም በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር የሚወጣ ይሁን። ካምቢዮና ዲፈረንሻል የሚበሉትን አንድ አሥረኛ ቀንሰን፣ የጎማው መንከባለል የሚበላውንም አስበን ብናሰላው፣ 336ቱ ሞተር በሰዓት ከ21 ኪሎ ሜትር ጥቂት በልጦ ይወጣዋል፤ 371ዱ ደግሞ በ23 ተኩል። አሥር ኪሎ ሜትር እንዲህ ያለ ዳገት ላይ ልዩነቱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። አንድ ጊዜ ደወሌ ኬላ ላይ ወረፋ የጠበቀ ሾፌር ሦስት ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የጥንቱን ፊያት 682 ኤን3 ያስታውሱ፤ የዛሬውን ሲኖትራክ ግማሽ ገደማ ጉልበት ይዞ፣ ያለ ቱርቦ፣ በማርሹ ብዛትና በሾፌሩ ትዕግሥት ከአሰብ አዲስ አበባ ይመላለስ ነበር።

ዳገት የሚገፋው በጎማው ላይ የሚደርሰው የመጠምዘዝ ኃይል ነው፤ ይህ ደግሞ በማርሽና በዲፈረንሻል ጥርስ ይበዛል። ሁልጊዜ ዳገት ለሚሠራ መኪና የዲፈረንሻሉን ጥርስ ዝቅ ወዳለ ማርሽ መቀየር፣ ሞተሩ ሳይነካ ጉተታን ይጨምራል፤ ዋጋው ሜዳ ላይ የፍጥነት መቀነስ ነው። ስለዚህ አማራጭ ሲወራ እምብዛም አልሰማም። ምናልባት ለወሬ የማይመች ሆኖ ይሆናል፤ «420 አስገባሁ» ማለት ይጣፍጣል።

420ውስ ቢገባ? ወደ 1,800 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ ጥምዘዛ ያለው ሞተር ለ1,500 ከተሠራ ካምቢዮ ጋር ሲገጠም የሚሰበረው ሞተሩ አይደለም። መጀመሪያ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል፤ ከዚያ የካምቢዮው ጥርስ ይሄዳል፤ ከዚያ የኋላው አክስል። ራዲያተሩም ለትንሹ ሞተር ሙቀት የተለካ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን መውረዱ ነው። በትልቅ ሞተር የልብ ልብ የተሰማው ባለቤት ጭነት ይጨምራል፤ ፍሬኑ ግን የድሮው ነው። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ቁልቁል ሲመጣ መኪናውን የሚይዘው የፈረስ ጉልበት ሳይሆን ትንሽ ማርሽ፣ የጭስ ማውጫ ፍሬንና ያልጋለ ሸራ ነው።

ይህን ስል መቀየርን ጨርሶ እያጣጣልኩ አይደለም። ቢየላው ብሎኩን ቀዶ ከወጣ፣ ብሎኩ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ክራንክ ሻፍቱ እስከ መጨረሻው ልክ ተሞርዶ ካለቀ መቀየር ነው። ያኔ ብልህ የሚመርጠው ከዚያው ቤተሰብ ነው። በአይሱዙ ለምሳሌ 4ኤችኤፍ1 እና 4ኤችጂ1 ወንድማማች ናቸው፤ የሁለቱም ፒስተን 110 ሚሊ ይመላለሳል፤ የሲሊንደሩ ስፋት ግን የአንዱ 112፣ የሌላው 115 ነው። ይዘቱ ከ4,334 ወደ 4,570 ሲሲ ያድጋል፤ 5 በመቶ ገደማ። ጭማሪው ትንሽ ነው፤ ግን የሚያስቆርጥና የሚያስበይድ ነገር አይበዛውም።

«ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ሞተር ከተሠራ ይበልጣል» የሚባለውም መልስ ይፈልጋል። ታጥቦ ቀለም የተቀባ ሞተር ስንት እንደሠራ በዓይን አይታወቅም። የእርስዎን ሞተር ግን ያውቁታል፤ የት እንደሞቀ፣ መቼ ዘይት እንዳነሰው። ያገለገለ ከተገዛም ቢያንስ የዘይት መያዣው ወርዶ ብሮንዚናው ሳይታይ፣ ኮምፕሬሽኑ ሳይለካ ገንዘብ መቁጠር አይገባም። በኮምፒውተር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከነሳጥኑ፣ ከነሽቦው ካልመጣ ብረት ብቻ ነው የገዙት።

ወረቀቱንም አይርሱ። ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ወጥቶ እያለ «ማን ያየዋል» ብሎ የቀየረ ሰው ዓመታዊ ምርመራ ላይ፣ ሲሸጥ ወይም ኢንሹራንስ ሲጠይቅ ይታይበታል። ያገለገለ ሞተር ሲገዙ የጉምሩክ ሰነዱን አብረው ይቀበሉ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ ምን አደከመው? እዚህ አገር ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንዱ ሙቀት ነው፤ «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ ሞተሩ ይቀዘቅዛል» የሚለው ምክር ደግሞ ያግዘዋል። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ሞተሩ ተመልሶ የሚዞረውን የውሃ መንገድ ይዘጋል። እሱ ከሌለ የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ይመለሳል፤ ዳገት ላይ ይብሳል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ ከልኩ በታች ቀዝቅዞ ይሠራል፤ ይህም ሲሊንደርን ይበላል። በአንጻሩ ችላ የሚባለው የራዲያተር ክዳን ነው። ድሬዳዋ ላይ ውሃ በ96 ዲግሪ ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ በ92 ይፈላል፤ መፍያውን ከፍ የሚያደርገው በክዳኑ የታመቀው ግፊት ነው። ጎማው ያለቀ ክዳን ብዙ ቴስታታ አጣሟል።

ሌላው አቧራ ነው። ከሲሚንቶ ፋብሪካና ከኮረት መፍጫ የሚጭን መኪና የአየር ፊልትሮው በኮምፕሬሰር እየተነፋ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ባለቤቱ አያስታውሰውም። በከፍተኛ ግፊት የተነፋ ወረቀት ይቀደዳል፤ ቀዳዳው በዓይን አይታይም፤ ፋሻና ሲሊንደር ግን ያገኙታል። አዲስ ሞተር በአሮጌ የአየር ቱቦና በላላ ማሰሪያ ላይ ሲገጠም ሳይ የቀድሞው ሞተር ባለቤት መልሶ እንደሚመጣ እገምታለሁ።

አንድ ይቀራል፤ ሮዳጅ። «አዲስ የተሠራ ሞተር ቆሞ ቀኑን ሙሉ ይሥራ» ይባላል። ቆሞ ያለ ጭነት ሲሠራ ፋሻው ሲሊንደሩን በበቂ ግፊት አይጫነውም፤ ግድግዳው ይለሰልስና ይብረቀረቃል፤ ከዚያ በኋላ ዘይት መብላቱ አይተውም። ሞተሩ ተነሥቶ የዘይት ግፊቱና የሚያፈስበት ቦታ ከታየ በኋላ ወደ መንገድ መውጣት አለበት፤ በግማሽ ጭነት፣ አርፒኤሙን ከፍና ዝቅ እያደረጉ፣ በትልቅ ማርሽ ሳያስጨንቁት። የመጀመሪያው ዘይት ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ ይቀየራል። የወጣው ፊልትሮ ሳይጣል ይቀደድና ወረቀቱ ፀሐይ ላይ ይዘርጋ፤ ደቃቅ ግራጫ ዱቄት የሚጠበቅ ነው፤ የሚያብረቀርቅ የብሮንዚና ስባሪ ከታየ ግን መኪናው ጭነት ሳይነካ ወደ መካኒኩ ይመለስ።