ተመላሾቿን ከሩቅ የምትጠብቅ ከተማ፦ ዋሽንግተን ዲሲ እና ከእስር የሚፈቱ ነዋሪዎቿ

የእስራት ዘመኑን የፈጸመ ሰው በሕግ ረገድ ዕዳውን እንደከፈለ ይቆጠራል፤ ይሁን እንጂ ኑሮን እንደገና ለመጀመር የሚያስፈልጉት መታወቂያ፣ መጠለያ፣ ሥራና ሕክምና ከመፈቻ ወረቀቱ ጋር ተያይዘው ስለማይሰጡት፣ የተፈታበት ቀን የሌላ ውጣ ውረድ መጀመሪያ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የዩናይትድ ስቴትስ የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2012 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ34 ክፍለ ግዛቶች ከእስር የተፈቱ ሰዎችን ተከታትሎ እንደደረሰበት፣ ከመካከላቸው 62 በመቶ ያህሉ በሦስት ዓመት፣ 71 በመቶ ያህሉ ደግሞ በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ እንደገና በፖሊስ ተይዘዋል። በፖሊስ መያዝ ጥፋተኛ ሆኖ መገኘት ማለት ባይሆንም፣ አኃዙ እስራት ብቻውን ሰውን ወደ ሰላማዊ ኑሮ እንደማይመልስ ለማሳየት በቂ ነው።

የዚህ ችግር ሸክም በመጨረሻ የሚያርፈው በከተማ አስተዳደሮች ትከሻ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ወስኖ፣ ማረሚያ ቤቱም እስረኛውን ጠብቆ የየድርሻቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ የተፈታው ሰው አዳር የሚፈልገው፣ የሚታከመውና ሥራ የሚጠይቀው በሚኖርበት ከተማ ነው። በመሆኑም ብዙ የአሜሪካ ከተሞች፣ ከእስር የሚፈታውን ሰው ከቤተሰቡ፣ ከሥራና ከመንግሥት አገልግሎቶች ጋር የሚያገናኙ ጽሕፈት ቤቶችን አቋቁመዋል፤ በ2008 በፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ፊርማ የጸናው “የሁለተኛ ዕድል ሕግ” የተባለው የፌዴራል ሕግም ለዚህ ሥራ የገንዘብ ድጋፍ የሚገኝበትን መንገድ ከፍቷል። ከእነዚህ ከተሞች መካከል ቁጥራቸው ብዙ የሆነ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በውስጧና በዙሪያዋ የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ልዩ ትኩረት የሚገባት፣ ተመላሾቹን የመቀበል ኃላፊነት የእርሷ ሆኖ ሳለ ፍርደኞቹን የምታስርበት ማረሚያ ቤት ግን የእርሷ ባለመሆኑ ነው።

በሌላ እጅ የሚታሰሩ ነዋሪዎች

ዲሲ ክፍለ ግዛት ባትሆንም፣ ለአብዛኛው የሃያኛው ክፍለ ዘመን ፍርደኞቿን የምታስረው በራሷ ማረሚያ ቤት ነበር፤ እርሱም በጎረቤት ቨርጂኒያ፣ በፌርፋክስ ካውንቲ የሚገኘውና በ1910 እንደ ሥራ ማስፈጸሚያ እስር ቤት ተጀምሮ እየሰፋ የሄደው የሎርተን ማረሚያ ቤት ነው። በ1990ዎቹ ከተማዋ ከባድ የገንዘብ ቀውስ ላይ በወደቀች ጊዜ፣ የአገሪቱ ምክር ቤት በ1997 ባወጣው ሕግ በከባድ ወንጀል የሚፈረድባቸውን የዲሲ ነዋሪዎች የማሰር ሥራ ለፌዴራሉ የማረሚያ ቤቶች ቢሮ ሲያስተላልፍ፣ ሎርተንም በ2001 ተዘጋ። በከተማዋ እጅ የቀረው ጉዳያቸው በፍርድ ቤት በመታየት ላይ ያለ ወይም አጭር ቅጣት የተወሰነባቸው ሰዎች የሚቆዩበት እስር ቤት ብቻ ነው።

የዚህ ለውጥ መዘዝ ከአስተዳደር ጉዳይ ያለፈ ሆኗል፤ በዲሲ ፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን የሚፈጽመው በመላ አገሪቱ በተበተኑት የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ውስጥ በመሆኑ፣ ከእናቱና ከልጆቹ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል። በ2018 የወጣው የፌዴራል ሕግ እስረኞች በተቻለ መጠን ከመኖሪያቸው በመንገድ ጉዞ ከ500 ማይል፣ ማለትም ከ800 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባልራቀ ቦታ እንዲታሰሩ ቢያዝም፣ ይህም ርቀት ቢሆን መኪና ለሌለው ወይም በሰዓት ክፍያ ለሚሠራ ቤተሰብ ጥየቃን ብርቅ የሚያደርግ ነው። በአመክሮ የሚፈታውን የሚወስነው የፌዴራል ኮሚሽን፣ ከተፈታ በኋላም የሚቆጣጠረው በዚያው በ1997ቱ ሕግ የተቋቋመ የፌዴራል መሥሪያ ቤት በመሆኑ፣ የከተማው አስተዳደር ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደሚመለስ ለማወቅ እንኳ የሌሎችን መዝገብ መጠየቅ ይኖርበታል።

በዚህ ላይ የሽግግር ቤት እጦት ተጨምሯል። የሽግግር ቤት የሚባለው እስረኛው በቅጣቱ የመጨረሻ ወራት ሌሊቱን በቁጥጥር ሥር እያደረ ቀኑን ሥራ እንዲፈልግና ከቤተሰቡ ጋር እንዲገናኝ የሚፈቀድለት መኖሪያ ሲሆን፣ በዲሲ ለወንዶች ዋነኛ የነበረው ሆፕ ቪሌጅ በ2020 ሲዘጋ፣ በርካታ ተመላሾች ይህን የመለማመጃ ጊዜ ሥራም ቤትም በማይፈልጉባት በባልቲሞር ከተማ ለማሳለፍ ተገደዋል።

ከመታወቂያ ይጀመራል

የከተማዋ ምላሽ በተቋም መልክ የጀመረው፣ በ2007 በጸና የከተማው ምክር ቤት ሕግ የተፈቱ ሰዎችን ጉዳይ የሚከታተል ጽሕፈት ቤት ሲቋቋም ነው። ዛሬ በከንቲባው ሥር “የተመላሽ ዜጎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት” በሚል ስም የሚሠራው ይኸው ተቋም፣ ተመላሾችን ከሥራ ሥልጠና፣ ከትምህርትና ከመኖሪያ ቤት አገልግሎቶች ጋር ያገናኛል። በ2019 ደግሞ በከተማው እስር ቤት አጠገብ ሬዲ ሴንተር የተባለ የአገልግሎት ማዕከል ተከፍቶ፣ መታወቂያ የሚሰጡት፣ የምግብና የጤና መድን ድጋፍ የሚመዘግቡት፣ ሥራ የሚያገናኙትና የአእምሮ ጤናንና የሱስ ሕክምናን የሚከታተሉት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን በአንድ ጣራ ሥር እንዲያስቀምጡ ተደርጓል።

የእንዲህ ዓይነቱ ማዕከል ጥቅም ጎልቶ የሚታየው የወረቀቶቹ ጉዳይ በዝርዝር ሲታይ ነው። አዲስ መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው በተለመደው አሠራር ማንነቱን የሚያስረዳ ሰነድ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩንና የሚኖርበትን አድራሻ ማረጋገጥ አለበት፤ የልደት ማስረጃውን ለማውጣት ሲሄድ መታወቂያ ይጠየቃል፤ አድራሻ ለማግኘት ቤት መከራየት፣ ቤት ለመከራየት ገቢ ማሳየት፣ ገቢ ለማግኘት መቀጠር፣ ለመቀጠር ደግሞ ያንኑ ያልተገኘውን መታወቂያ ማቅረብ ግድ ይሆንበታል። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው ነገር ለብቻው ሲታይ ተገቢ ቢሆንም፣ ተራርቀው የተቀመጡት መስኮቶች አንድ ላይ ሲታዩ ግን መግቢያ የሌለው ክብ ይሠራሉ። ሠራተኞቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡና የማረሚያ ቤቱ ሰነድ ለማንነት ማረጋገጫ ሲያገለግል ክቡ በአንድ ቦታ ይከፈታል፤ ብዙ ቀን ይወስድ የነበረውም ምልልስ ያጥራል።

የጊዜው ማጠር የምቾት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የጤና ጥናቶች ያሳያሉ። በ2007 በታተመና በአገሪቱ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በተካሄደ ጥናት፣ ከእስር በተፈቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ የተፈቺዎች የመሞት ዕድል ከሌላው ነዋሪ ከ12 እጥፍ በላይ ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ ቀዳሚው ምክንያት በዕፅ መመረዝ ነበር፤ በእስር ቆይታ ሰውነቱ ዕፁን መልመዱ ስለሚቀር፣ የቀድሞውን መጠን የሚወስድ ሰው በዚያው ሊሞት ይችላልና። የጤና መድኑ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢመጣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው እንደዘገየ ይቆጠራል።

ሥራ፣ ቤትና የድሮው መዝገብ

የወንጀል ሪከርድ በሥራ ፍለጋ ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ፣ የሶሲዮሎጂ ምሁሯ ዴቫ ፔጀር በሚልዋኪ ከተማ አካሂዳ በ2003 ያሳተመችው ነው። ፔጀር በትምህርትና በሥራ ልምድ ተመሳሳይ የሆኑ ወጣቶችን ለሥራ እንዲያመለክቱ ስታሰማራ፣ ሪከርድ የሌላቸው ነጮች 34 በመቶ፣ ሪከርድ ያላቸው ነጮች 17 በመቶ፣ ሪከርድ የሌላቸው ጥቁሮች 14 በመቶ፣ ሪከርድ ያላቸው ጥቁሮች ደግሞ 5 በመቶ በሚሆኑት ማመልከቻዎች ከቀጣሪዎች መልሶ የመጠራት ዕድል አግኝተዋል። አንድም ቀን ያልታሰረ ጥቁር ከታሰረ ነጭ ያነሰ ዕድል ማግኘቱ፣ በከተሞች የሚወጡ ሕጎች የሪከርዱን ጉዳይ ከዘር አድልዎ ነጥለው ሊያዩት እንደማይችሉ አስገንዝቧል።

ዲሲ በ2014 ያወጣችው የቅጥር ሕግ ከአሥር በላይ ሠራተኞች ያሉት ቀጣሪ በማመልከቻ ቅጽም ሆነ በቃለ መጠይቅ ጊዜ ስለ ወንጀል ሪከርድ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ቀጣሪው ስለ ቀድሞ ፍርድ ሊጠይቅ የሚችለው አመልካቹን በቅድመ ሁኔታ ለመቅጠር ከወሰነ በኋላ ሲሆን፣ ውሳኔውን ለማንሳት ከፈለገም የሥራውን ጠባይ፣ ጥፋቱ ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነት፣ ጥፋቱ ከተፈጸመ ያለፈውን ጊዜ፣ በወቅቱ የነበረውን ዕድሜ፣ የጥፋቱን ክብደትና ድግግሞሽ፣ እንዲሁም ሰውየው መታረሙን የሚያሳዩ ማስረጃዎችን መመዘን ይጠበቅበታል። ስለዚህ ሕጉ ማንንም በግድ አያስቀጥርም፤ የሚያደርገው ጥያቄው የሚነሳበትን ጊዜ ወደ ኋላ መግፋት ነው፤ አመልካቹ በቅድሚያ በችሎታው እንዲታይ፣ ቀጣሪውም ውሳኔውን የሚያነሳው በተጨባጭ ምክንያት እንዲሆን ያስገድዳል።

ይህ ዓይነቱ ሕግ ግን ያልታሰበ ጉዳትም ሊያስከትል እንደሚችል ተመራማሪዎቹ አማንዳ ኤገን እና ሶንያ ስታር አሳይተዋል። በኒው ጀርሲና በኒው ዮርክ 15,000 ገደማ የተፈጠሩ ማመልከቻዎችን ልከው ባደረጉት ጥናት፣ የሪከርዱ ጥያቄ ከቅጹ በወጣባቸው ድርጅቶች ነጮች ከጥቁሮች ይበልጥ የሚጠሩበት ልዩነት ከ7 በመቶ ወደ 43 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ማለትም መጠየቅ የተከለከሉ አንዳንድ ቀጣሪዎች ሪከርዱን በቆዳ ቀለም መገመት ጀምረዋል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ክልከላው ብቻውን እንደማይበቃና ከአድልዎ ቁጥጥር እንዲሁም ከእውነተኛ የሥራ ዕድል ጋር መጣመር እንዳለበት ነው። የከተማው የቅጥር መሥሪያ ቤት ፕሮጀክት ኢምፓወርመንት በተባለው መርሐ ግብሩ ለሥራ ዝግጁነት የሚሆን ሥልጠና ከሰጠ በኋላ ሠልጣኙን ደመወዙ በመንግሥት እየተከፈለ በቀጣሪዎች ዘንድ እንዲሠራ የሚመድበው፣ ከጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ጋርም በ2018 የንግድ ሥራ ትምህርት የሚሰጥበትን ፒቮት የተባለ መርሐ ግብር የጀመረው በዚህ መንፈስ ነው። ከ1989 ጀምሮ የሚሠራው ዲሲ ሴንትራል ኪችን የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅትም ከእስርና ከሱስ የተመለሱ ሰዎችን በምግብ ዝግጅት አሠልጥኖ፣ ከፊሎቹን ለከተማው ትምህርት ቤቶች ምግብ በሚያዘጋጁት በራሱ ወጥ ቤቶች ይቀጥራል።

በመኖሪያ ቤት ረገድም ከተማዋ በ2016 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች፤ አከራዩ የወንጀል ሪከርድ ማየት የሚችለው ቤቱን በቅድመ ሁኔታ ለማከራየት ከተስማማ በኋላ ሲሆን፣ ለእምቢታ ምክንያት ማድረግ የሚችለውም በሕጉ የተዘረዘሩና ካለፉት ሰባት ዓመታት ወዲህ የተፈረደባቸውን ወንጀሎች ወይም ገና በመታየት ላይ ያሉ ክሶችን ብቻ ነው። ይሁንና ሕጉ ኪራዩን አያረክስም፤ ኪራይ እጅግ ውድ በሆነባት በዚህች ከተማ ሪከርዱ ባይጠየቅም የሦስት ወር የደመወዝ ማስረጃ የሌለው ሰው ከበሩ ሊመለስ ይችላል።

የዜግነት መብትና የዜግነት ጥያቄ

ዲሲ ከሌሎች ከተሞች ቀድማ የሄደችበት መስክ የምርጫ መብት ነው፤ በ2020 ባወጣችው ሕግ በከባድ ወንጀል ታስረው ቅጣታቸውን በመፈጸም ላይ ያሉ ዜጎቿ እንዲመርጡ በመፍቀዷ ከሜይንና ከቨርሞንት ክፍለ ግዛቶች ተርታ ተሰልፋለች። በቀጣዩ ዓመትም በከተማው እስር ቤት ውስጥ የነበረው ጆኤል ካስቶን እዚያው ሳለ ለሠፈር አማካሪ ኮሚሽን አባልነት ተመርጧል። ከዚህ ጎን ለጎን የከተማው ምክር ቤት በ2016 ባወጣውና በኋላ ባሰፋው ሕግ፣ ወንጀሉን ከ25 ዓመት ዕድሜያቸው በፊት ፈጽመው ቢያንስ 15 ዓመት የታሰሩ ሰዎች ፍርዳቸው እንደገና እንዲታይላቸው ማመልከት ይችላሉ፤ በዚህ መንገድ የሚፈቱት በስልክ መልእክት መላላክን፣ በኮምፒዩተር ማመልከቻ መሙላትን ሳያውቁ ሊወጡ ስለሚችሉ፣ የተመላሾች አገልግሎት ለእነርሱ መሠረታዊ የዲጂታል ትምህርትን ጭምር ማካተት አለበት።

ለአማርኛ ተናጋሪው ነዋሪ ሁለት ነጥቦች በተለይ ይጠቅማሉ። በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የአስተርጓሚ አገልግሎት እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሲሆን፣ አማርኛ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ፣ ልጁን ከእስር የሚጠብቅ ወላጅ በራሱ ቋንቋ አገልግሎት መጠየቅ መብቱ ነው። ሁለተኛው ግን ከተማዋ ልታስተካክለው የማትችለው ጉዳይ ነው፤ የዩናይትድ ስቴትስ ዜግነት ያልያዘ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም እንኳ፣ በአንዳንድ ወንጀሎች ጥፋተኛ ከተባለ ቅጣቱን ሲጨርስ ለኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት ተላልፎ ከአገር ሊባረር ይችላል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እንደወሰነው የተከላካይ ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው አስቀድሞ ማስረዳት ስላለበት፣ ጥያቄው መነሳት ያለበት ጥፋተኝነት ከመታመኑ በፊት ነው።

በጠቅላላው ሲታይ የዲሲ ተሞክሮ የሚያሳየው፣ አንድ የከተማ አስተዳደር በተፈቺው ባሕርይ ላይ ያለው ሥልጣን ትንሽ፣ በራሱ መስኮቶች ላይ ያለው ሥልጣን ግን ሰፊ መሆኑን ነው። ውጤታማ የሆኑት እርምጃዎች መሥሪያ ቤቶችን ያቀራረቡ፣ የሪከርዱን ጥያቄ ያዘገዩና ሥልጠናን ከሚከፈልበት ሥራ ጋር ያያያዙ ናቸው፤ ጉድለቱ የሚታየው ደግሞ ከተማዋ ገና በማረሚያ ቤት ሳለ ልታገኘው በማትችለው ሰው ዘንድ ነው። ስለሆነም የልደት ማስረጃውን፣ የጤና መድን ማመልከቻውንና የመጀመሪያውን ማደሪያ በሩቁ ማረሚያ ቤት ውስጥ እያለ ማዘጋጀት የሚያስችል ስምምነት በከተማዋና በፌዴራሉ ቢሮ መካከል እስካልጠበቀ ድረስ፣ የተሻለው ማዕከል እንኳ ሥራውን የሚጀምረው ሁልጊዜ ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ ይሆናል።