በስንዴ ማሳ ዳር የሚዘራው አበባ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የአውሮፓ ገበሬ ትራክተርና የተባይ መርዝ አግኝቶ፣ ድንበሩንና ቍጥቋጦውን ሳይቀር እያረሰ ስንዴ ብቻ ሲዘራ፣ የእህሉ ምርት እጅግ ከፍ ብሏል፤ ዳሩ ግን ከአበባ ወደ አበባ ሲመላለሱ ይኖሩ የነበሩት ነፍሳት ምግባቸውንም መጠጊያቸውንም አጡ። በጀርመን አገር የክሬፌልድ ተመራማሪዎች በ63 ጥብቅ ሥፍራዎች በራሪ ነፍሳትን በወጥመድ እየያዙ ሲመዝኑ ኖረው በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት እንደ ገለጡት፣ ክብደታቸው በ27 ዓመት ውስጥ ከ75 በመቶ በላይ ቀንሷል።

ለዚህ ጥፋት ከታሰቡት መድኃኒቶች አንዱ የአበባ መቀነት ነው፤ ይኸውም በማሳው ዳር ወይም በመካከሉ ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው መሬት ከእህል ተለይቶ የልዩ ልዩ ዕፀዋት ዘር የሚዘራበት ነው። ስዊስ ይህን ሥርዓት ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምራ በመንግሥት ድጎማ አስፋፍታዋለች።

የአበባው ኅብር ዐይንን ደስ ቢያሰኝም፣ ዋናው ቁም ነገር የዓይነቱ ብዛት ነው። ንብ የምትመስል፣ በአየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም አንዲት ዝንብ አለች፤ አፏ አጭር ስለ ሆነ ከጥልቅ አበባ መቅሰም አይቻላትም፤ የድንብላልና የእንስላል አበባ ግን ትንንሽና ገላጣ በመሆኑ ማሩንም ብናኙንም ያለ ችግር ታገኛለች። ብናኙን ተመግባ ዕንቍላሏ ሲጎለምስ፣ ክሽክሽ ወደ ወረረው ተክል በርራ በዚያ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለውም ትል፣ እግርና ዐይን የሌለው ሲሆን፣ ክሽክሹን አንድ በአንድ እያነሣ ይመጠዋል፤ አድጎ ዝንብ እስኪሆን ድረስ በመቶ የሚቈጠር ይፈጃል። ምላሷ ረጅም የሆነው ጠጕራም ንብ ደግሞ ቀይ የማገጥ አበባን ትሻለች። እንግዲህ አንድ ዓይነት አበባ ብቻ የዘራ ሰው የሚጠራው ጥቂቱን ወገን ብቻ ነው። በስዊስ የስንዴ ማሳ አጠገብ ድንብላል፣ እንስላልና ሌሎችም አበቦች ተዘርተው በተደረገው ምርመራ፣ ተባይ የሚበሉ ነፍሳት በመብዛታቸው፣ ቅጠል በላው ጥንዚዛ በስንዴው ላይ ያደርስ የነበረው ጉዳት በ61 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል።

መቀነቱ ዕድሜም ይሻል፤ ብዙ ነፍሳት የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት በደረቀ አገዳ ውስጥና ባልታረሰ አፈር ሥር ስለ ሆነ፣ ሁሉን ባንድ ጊዜ ማጨድ የተሰበሰበውን ሠራዊት መበተን ነው። ደግሞም ከአንድ ልዩ ተክል በቀር የማይመገቡ ብርቅ ነፍሳት በዚህ ብቻ አይድኑም፤ ለእነርሱ የጥንቱ ሣርና ረግረግ ራሱ ሊጠበቅ ይገባል።

ገበሬው ግን መሬቴ ተወሰደብኝ ብሎ ሊሠጋ አይገባውም። በእንግሊዝ አገር ሂልስደን በሚባል እርሻ፣ እህል በደንብ ከማይሰጠው ከማሳው ዳር እስከ 8 በመቶ ድረስ ለአበባና ለዱር ፍጥረት ተለቆ ለዓመታት ሲጠና፣ የእርሻው ጠቅላላ ምርት አልጎደለም፤ በንቦች ጕብኝት የሚረባው ባቄላማ ጭራሽ ጨመረ።