ሮቦቱ የሚጠብቀው ለምንድን ነው?

ስልካችሁን ለማንሳት እጃችሁን ስትዘረጉ ስንት ጡንቻ እንደታዘዘ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ማን ያስባል! ስትሮክ የመታው ሰው ግን ያስባል። ጡንቻው አለ፤ የተጎዳው ትዕዛዝ የሚሰጠው የአንጎል ክፍል ነው። አንጎል ሌላ መንገድ እንዲለምድ ደግሞ ብዙ ልምምድ ይፈልጋል።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት በአሜሪካና በካናዳ የስትሮክ ታካሚዎች በአንድ የሕክምና ቀጠሮ በተጎዳው እጃቸው ስንት ጊዜ ተግባራዊ ልምምድ እንደሚሠሩ ቆጠረ። በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ፣ እጥረቱ የባለሙያው ሰዓትና ጉልበት ነው።

መሐንዲሶቹ ኔቪል ሆጋንና ኸርማኖ ክሬብስ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሠሩት «ኤምአይቲ ማኑስ» የተባለው ሮቦት ለዚህ የታሰበ ነው። ታካሚው ክንዱን ማሽኑ ላይ ያሳርፍና ልክ እንደ ጌም ስክሪን ላይ ያለውን ነጥብ ወደ ዒላማው ይወስዳል። ሮቦቱ ግን ዝም ብሎ እጁን አይጎትትም። መጀመሪያ ይጠብቃል። ሰውየው ከቻለ ይተወዋል፤ ካቃተው ያግዘዋል።

ታዲያ ሠራ? እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ሙከራ ስትሮክ ከመታቸው ቢያንስ 6 ወር ያለፋቸው 127 አሜሪካውያን ተሳተፉ። በሮቦቱ የሠሩት በአንድ ቀጠሮ 1,000 ገደማ እንቅስቃሴ አደረጉ። በ36ኛው ሳምንት መደበኛ ሕክምና ብቻ ካገኙት መጠነኛ መሻሻል ታየባቸው። ስለዚህ «6 ወር ካለፈ አበቃ» የሚባለው እውነት አይደለም። ግን በባለሙያ እጅ ያንኑ ያህል የሠሩትም ከእነሱ አላነሱም።

በብሪታንያ በ770 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2019 የታተመው ሙከራ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ። በሮቦቱ የሠሩት ክንዳቸውን ማንቀሳቀሱ ላይ ትንሽ ተሻሻሉ፤ በዕለት ተዕለት ሥራ ግን መደበኛ ሕክምና ካገኙት አልበለጡም። ነጥብ መግፋት ሌላ፣ ሸሚዝ መቆለፍ ሌላ!

እና ቤታችሁ ስትሮክ የመታው ሰው ካለ፣ «ውጭ አገር ሮቦት አለ አሉ» ብላችሁ ገንዘብ ከማሰባሰባችሁ በፊት ፊዚዮቴራፒስቱን ጠይቁ፦ ቤት ውስጥ የትኛውን ሥራ፣ በቀን ስንት ጊዜ ይለማመድ? ከማሽኑ ደግሞ አንድ ነገር በነፃ መውሰድ ይቻላል። አባባ ኩባያውን ለማንሳት ሲታገሉ ቶሎ ብለን አንቀማቸው። እንጠብቅ። ካቃታቸው እናግዛለን።