አንድ ክክና ሁለት ክክ፦ ገብስና ባቄላ በምን ይለያያሉ?



ባቄላ ሲከካ እኩል ለሁለት ይከፈላል። አተርም ምስርም እንደዚሁ ነው። ገብስ ግን ቢመታ ይሰባበራል እንጂ ሁለት እኩል ክክ አይወጣውም። ስንዴና ማሽላም አይወጣቸውም። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለምን እንዲህ እንደሆነ ግን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? እኔ ተማሪ ነኝ፤ እርሻን የምማረው ከእናንተ ነው። በትምህርት ቤት የተማርኩትን ደግሞ ላካፍላችሁ። ይህን ልዩነት አለማወቅ የአንድ ዓመት ምርት ሊያሳጣ ይችላል።

ሁለቱ ወገኖች

አበባ የሚያወጡ ዕፅዋት በአብዛኛው በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ባለ አንድ ክክ ይባላል። ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ሽንኩርትና ሣር ሁሉ እዚህ ይገባሉ። በደቡብ አገራችን የሚበላው እንሰትም የዚሁ ወገን ነው። ሁለተኛው ወገን ባለ ሁለት ክክ ይባላል። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ተልባ፣ ኑግ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ኮሶና ወይራ እዚህ ናቸው። ጽድ ግን አበባ ስለሌለው ከሁለቱም አይቆጠርም።

ጆን ሬይ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ይህን ልዩነት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1682 በመጽሐፍ ጽፎታል። እናቶቻችን ግን ጉንቁልና ብቅል ሲያዘጋጁ በዓይናቸው ያዩታል። እናንተም እዩት። ጥቂት ባቄላ ውኃ ውስጥ አሳድሩና እስኪያጎነቁል ጠብቁ። ቅርፊቱን ስትልጡት ሁለቱ ክክ ይለያያሉ። በመካከላቸው ትንሽ ቡቃያ አለች። ሁለቱ ክክ የእርሷ ስንቅ ናቸው። ሥሩም አንድ ወፍራም ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል።

አሁን ደግሞ ከብቅሉ አንድ የገብስ ፍሬ አንሱ። ሥሩ አንድ አይደለም፤ ብዙ ቀጫጭን ሥሮች በአንድ ወገን ወጥተዋል። የገብስ ስንቅ ዱቄት የሚሆነው ክፍል ነው። ክኩ አንድ ብቻ ነው፤ ቀጭን ሆኖ ከቡቃያው ጋር ተጣብቋል። ሥራውም ስንቁን ከዱቄቱ እየሳበ ለቡቃያው ማቀበል ነው።

በማሳ ላይ እንዴት ይለያሉ?

ቅጠሉን እዩ። የገብስ ቅጠል ረጅምና ጠባብ ነው፤ መስመሮቹ እንደ ትልም ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የባቄላ ቅጠል ሰፋ ያለ ነው፤ መስመሮቹ እንደ መረብ የተጠላለፉ ናቸው።

ሥሩን እዩ። የገብስ ሥር እንደ ጸጉር የተበተነ ነው። የጎመን ሥር ግን አንድ ዋና ሥር ሆኖ ከጎኑ ቅርንጫፍ ያወጣል።

አበባውንም ቁጠሩ። የጎመን አበባ 4 ቅጠል አለው፤ የተልባ 5። ሽንኩርት ግን ሦስት ሦስት ሆኖ 6 ነው።

ጎመንና ተልባ ሲበቅሉ ሁለቱን ክክ ይዘው ከአፈር ይወጣሉ። ባቄላ፣ አተርና ምስር ግን ክካቸውን አፈር ውስጥ ይተዋሉ። ስለዚህ በማሳ ላይ ክኩን ብትፈልጉ አታገኙትም፤ የቅጠሉን መስመር ተመልከቱ።

የአረም መድኃኒት ስትረጩ

ታዲያ ይኼ ሁሉ ለምን ይጠቅማል? ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ባለ ሁለት ክኩን ወገን ይገድላል። አረሙ ያለ ልክ ያድጋል፣ ይጠማዘዛል፣ በኋላም ይደርቃል። ገብስና ስንዴ ግን በጊዜውና በመጠኑ ከተረጨባቸው ይችሉታል። ስለዚህ ከገብስ ማሳ መጭን ለማጥፋት ይረዳል።

ነገር ግን ልብ በሉ! ባቄላም እንደ መጭ ባለ ሁለት ክክ ነው። መድኃኒቱ ይህ አረም ነው፣ ይህ ሰብል ነው ብሎ አይመርጥም። በባቄላ፣ በምስር ወይም በተልባ ላይ ቢረጭ የዓመት ልፋት በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ነፋስ ባለበት ቀን ብትረጩ ደግሞ የጎረቤታችሁን ባቄላ ሊያቃጥል ይችላል። ይኼ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል። በመርጫው ውስጥ የቀረው ትራፊም ይጎዳልና በደንብ ሳታጥቡት ወደ ባቄላ ማሳ አትውሰዱት።

ሲናርስ? ሲናር እንደ ገብስ ባለ አንድ ክክ ነው። ስለዚህ ቱፎርዲ አይገድለውም። አልሞተም ብሎ መጠኑን መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሰብሉንም ይጎዳል። ሲናርን ፍሬው ሳይረግፍ በእጅ ንቀሉ፤ የምትዘሩትንም ዘር አበጥሩ። በሚቀጥለው ዓመት በቦታው ባቄላ ብትዘሩ ደግሞ ሲናሩ በቀላሉ ተለይቶ ይታያችኋል።

ማሳን ማፈራረቅ

ገብስ በገብስ ላይ ሲደጋገም መሬቱ ይደክማል። የባቄላን ሥር በጥንቃቄ ቆፍራችሁ እዩ። ትናንሽ እንክብሎች ተያይዘውበታል። አንዱን ብትከፍቱት ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ በሥራ ላይ ነው። በውስጡ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት አሉ። እነርሱም ከአየር ናይትሮጂን የሚባለውን ምግብ ለተክሉ ያዘጋጃሉ። ዩሪያም የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ባቄላውን ስትሰበስቡ ከመንቀል ማጨድ ይሻላል፤ ሥሩ ለመሬቱ ይቅርለት።

ባለ ሁለት ክክ ሁሉ ግን እንዲህ አያደርግም። ጎመን፣ ተልባና ድንች ይህ እንክብል የላቸውም። ያላቸው እንደ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራና ጓያ ያሉት ናቸው።

የጓሳ ሣር

ሣር የሚያድግበት ቦታ ከታች፣ ከሥሩ አጠገብ ነው። ስለዚህ ቢታጨድም ይተካል። የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ ያጭዱት ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ቀረ፤ ሕዝቡ ግን በኋላ በራሱ ደንብ መልሶ ሣሩን መጠበቅ ጀመረ። የታጨደ ጓሳ ይመለሳል። ሥሩ ከተነቀለ ግን የቤት ክዳንም ገመድም አይገኝም።

እንግዲህ ከመርጨታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። የሰብሉንና የአረሙን ቅጠል ቆርጣችሁ መስመሩን እዩ፤ እንደ ትልም ነው ወይስ እንደ መረብ? ቀጥሎም በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ያልገባችሁን የግብርና ሠራተኛ ጠይቁ። ፊደል ላልቆጠረው ጎረቤታችሁም አንብቡለት፤ የእርሱ ማሳ ከእናንተ ማሳ ጋር ይዋሰናልና።